እስከ ስድስት

ሞተሩን አጠፋች አጋፊያ፤ ነዳጁ ውድ፣ ጉሙ ወፍራም፤
«ጆሮህን ስጥ» አለችው ለእህቷ ልጅ፣ «ዓይን ዛሬ አይረባም።»

በአኩታን ባሕር ላይ
መጀመሪያ ትንፋሽ መጣ፣
እንደ ትልቅ ወናፍ፣ የከረመ ዓሣ እየሸተተ፤
ቀጥሎ ክንፍ፣ በክንፍ ላይ ክንፍ፣
ጥላሸት የለበሰ ጦር ውሃው ላይ ከተተ።

«እነዚህ» አለች፣ «ጎጇቸው ኒውዚላንድ ነው፤
እዚህ እንቁላል አይጥሉ፣ መሬታችንን አይረግጡ፤
የምድርን ወገብ ተሻግረው
ለምሳ ብቻ የሚመጡ።»

ከሥር ዓሣ ነባሪው
በአረፋ አጥር ሠርቶ፣
ሄሪንጉን አጥሩ ውስጥ አጉሮ፣
አፉን እንደ በር ከፍቶ
ወጣ።
ጀልባዋን ማዕበሉ ናጣት፤
አንዲት ወፍ ስትሻማ
መንጋጋው መሐል አገኛት።

ገጠመ።

ኢኖኬንቲ መቁጠር ያዘ።
ስድስት ላይ፣ አፉ ተከፈተ መልሶ፤
ወፏ ወጣች፣ ላባዋ ርሶ፣
ክንፏን አራገፈች፣
ዙሪያዋን አየች፣
ደግሞ ጠለቀች።

አጋፊያ አልቆጠረችም።
ከጥር ወዲህ፣ ፕላቶን ካልተመለሰበት ሌሊት፣
መቁጠር ትታለች።
ብቻ ሳቅ አመለጣት፤
በገዛ ድምጿ ደነገጠች።

ጉሙ ውስጥ ትንፋሹ ራቀ።
«በል» አለችው፣ አፍንጫዋን በጓንቷ ጠርጋ፣
«መንጠቆውን ጣል፤
ከእነሱ ማዕድ
ለእኛም አይጠፋም።»