የምንጣፉ ሰውዬ

አርባ ሦስት ካሴት፣ የታሰረ በገመድ፣
በሁለት ዶላር ገዛን፣ ሳቅ ልንነግድ።
ከተማችን ኢንቨርካርጊል፣ የምድር ጫፍ ላይ ናት፤
ነፋስ እንደ አበዳሪ በር የሚደበድብባት።

ሥራችን ማሳቅ ነው፤ አርብ አርብ ማታ
በቦውሊንግ ክበብ ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ቴኒሱ በተረፈች ቦታ፣
ሃያ ሰው ከመጣ ሰርግ ነው ለእኛ፣
ግማሹ ብርድ ሸሽቶ፣ ገብቶ ቢሆን እንኳ የሚተኛ።

ሂነሞአ ዴኩን ከአጎቷ ጋራዥ አመጣች፣
አቧራውን እፍ ብላ፣ ሆዱን ፈትታ አየች፣
የደረቀች የእሳት ራት በወረንጦ አወጣች፤
"የመጨረሻዋ ተመልካች!" ብላ ባርኔጣዋን አነሳች።

ካሴቱን ሲውጠው ዴኩ አቃሰተ፣
መስተዋቱ ላይ በረዶ አካፋ፣ ምስሉ ተጎተተ፣
ከዚያ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሰባት በሩን ከፈተ።

ትከሻቸው ከበር የሰፋ ሴቶች
ስለ ቅቤ ሲያወሩ እንባ ይተናነቃቸዋል፤
የበግ ቅማል መድኃኒት እንደ ሽቶ ይወደሳል፤
የአየር ጠባይ ሰውዬ የካርቶን ደመና ካርታ ላይ ይለጥፋል፣
ደመናው ይወድቃል፣
እሱም እግሩ ሥር እያየ "ነገ ፀሐይ" ይላል።

ከሁሉም ከሁሉም ግን የምንጣፉ ሰውዬ!
ሬክስ ተርንቡል፣ ጢሙ መጥረጊያ የሚያህል፣
ጥቅል ምንጣፍ ላይ እንደ ፈረስ ወጥቶ
"አብጃለሁ!" ይላል፤ "ዋጋዬም አብዷል!
ሚስቴ ትታኝ ሄዳለች፣
ኑና ውሰዱልኝ፣ ቤቴ ባዶ ይቅር!"

የቀዳችው ሴትዮ በእርሳስ ጽፋለች፦
"የኢስላ ነው፣ እንዳትነኩ።"
ድራማዋን ስትቀዳ፣ ማስታወቂያ ሲመጣ
ማቆሚያውን ትጫናለች፣
ሁልጊዜም ዘግይታ፤
"ያገራችን ምርጥ ቅ—"
"ለነጭ ልብስዎ ሳ—"
እኛም ሆዳችንን ይዘን፣
"አይ ኢስላ፣ ምነው ጣትሽ ሰነፈች!"

ሠላሳ ስምንተኛው ካሴት ላይ ነገሩ ተገለበጠ።
ሐኪሙ ውጤቱን ሊነግራት አፉን ሲከፍት፣ ተቆረጠ፤
ሬክስ።
ገዳዩ ጭንብሉን ሊያወልቅ እጁን ሲያነሳ፣ ተቆረጠ፤
ሬክስ።
ሬክስ በገና ባርኔጣ፣ የታኅሣሥ ሙቀት ላብ አጥምቆት፣
ሬክስ ግልገል ታቅፎ፣ ግልገሉ ክራቫቱን ሲበላበት፣
ሦስት ሰዓት ሙሉ ሬክስ፤
አንድም ጊዜ አልዘገየችበት።

ያን አርብ ክበቡ ሞልቶ በሳቅ ፈረሰ፤
አንዱ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ከወንበር ሥር ፈልጎ መለሰ።
ሬክስን ጋብዘነው ነበር። ሰማንያ አራት ዓመቱ፣
ነጭ ጢም፣ ከኋላ ወንበር፤
የገዛ ራሱን ሲያይ ወለሉን በከዘራው እየመታ
ከሁላችንም በላይ ይስቅ ነበር።
ሠላሳ ስምንተኛው ሲጀምር
ከዘራው ዝም አለ።

መብራት በራ። "የቷ ኢስላ?" አለ።
"ሰማያዊ በር ያላት፣ ከወፍጮው አጠገብ፤
ከሞተች እንኳ ስድስት ዓመቷ" አለችው አንዲት ሴት።
"ሰማያዊ በር..." አለ ሬክስ።
"ሳሎኗን ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ፣
ሦስቴም 'አስቤ እደውላለሁ' አለችኝ፣
አንዲት ክንድ ምንጣፍ አልገዛች።
ጊዜ አባካኝ ብዬ ስሟን ከደብተሬ ሰረዝኩ።"
ቀጥሎም፣ ለማንም ሳይሆን፦
"ሚስት እኮ ኖራኝ አታውቅም።
የጻፉልኝን ነው ያነበብኩት።"

"አራት በአምስት ነበር" አለ ኮቱን ሲደርብ፣
"በመስኮቱ በኩል ትንሽ ይጠባል።"
ነፋሱ በሩን ከእጁ ነጠቀው።
እኛ ወንበር ስናጣጥፍ ዴኩን ማጥፋት ረስተናል፤
ወጣቱ ሬክስ ጥቅሉ ላይ ሆኖ ለባዶ አዳራሽ ይጮሃል፣
ኑና ውሰዱልኝ፣ ኑና ውሰዱልኝ ይላል።