ከሁለት ያላነሰ፣ ከአምስት ያልበለጠ

ቅጹ እንዲህ ይላል፦
«የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከሁለት ያላነሰ፣ ከአምስት ያልበለጠ።»
ስንት ይበቃል አይልም፣ ስንት ይበዛል አይልም፤
በሁለትና በአምስት መሀል ያለው ሜዳ
ለእኔ ለብቻዬ ተሰጠ።

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣
መብራት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ሊሆነው፣
አምስቱን ፖስታ አልጋ ላይ ደርድሬ
በስልኬ ብርሃን አያቸዋለሁ፤
ባትሪው ዐሥራ ሁለት ፐርሰንት ነው።

ታች ግቢው ውስጥ ጀሪካን ተሰልፏል፣
ሰው የለበትም፤ ቢጫ ከቢጫ ኋላ
በባለቤቱ ፈንታ ቆሟል፤
ውኃ ሌሊት ይመጣል ተብሏል።

አጎቴ ምንተስኖት ቀን ደውሎ ነበር፦
«አምስቱንም ላኪ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።»
አንበሳው ማነው አላልኩትም፤
የሚታሰረው መርማሪው ይሁን እኔ
አልጠየቅኩትም።

የመጀመሪያው የመምህር ዋቅጅራ፤
በማይክሮስኮፕ ያየሁትን ስስል
እርሳሴ ቢያልቅ የራሱን ሰብሮ ያካፈለኝ፣
ያንን ግማሽ እርሳስ ሳይቀር ጽፎልኛል።
ይሄ ይሄዳል።

ሁለተኛው የዶክተር ሂክመት፤
በጤና ጣቢያው ከጎኗ የቆምኩበት ሁለት ዓመት፣
«ተረኛ ባትሆንም ስትጠራ ትመጣለች» የሚል ቃል።
ይሄም ይሄዳል።

ሦስተኛው ማኅተሙ የስኒ ማስቀመጫ ያክላል፣
ከአንድ ምክትል ኃላፊ፣ አጎቴ ያስጻፈው፤
«አቶ ሲፈን» ብሎ ይጀምራል፣
«ታታሪ ነው፣ ታማኝ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው።»
ሳቅሁ፤ ብቻዬን፣ በጨለማ።
ግን አውራ ጣቴ ማኅተሙን ሲዳስስ
ሳቄ መሀል ላይ ቀረ፤
ማን ያውቃል፣ እዚያ ያለው ሰው
ማኅተም ይወድ እንደነበረ?

አራተኛው የብሎካችን ሰብሳቢ፣ የአቶ ደምሰው፦
«መዋጮ በጊዜ ትከፍላለች፣ በተራዋ ደረጃ ታጥባለች፣
ሙዚቃ አታስጮህም።»
ሁሉም እውነት ነው።
ደረጃ ማጠብ ግን የልብ ምት አያስቆጥርም።

አምስተኛው አልታሸገም።
ሲስተር ዘነቡ ናት፣ የማዋለጃ ክፍሏ፣
በሰማያዊ ቢክ፣ በተጣመመ እጅ ጽሑፏ።
«አንብቢው» አለችኝ፣ «ካልወደድሽው ቅደጂው፤
እኔ ግን ሌላ አልጽፍም።»

*«ጥቅምት ላይ አንድ ሌሊት የመድኃኒት መጠን ተሳስታለች።
ሕፃኑ ደኅና ነው። ማንም አላያትም ነበር።
ራሷ መጥታ ቀሰቀሰችኝ፤ መዝገቡ ላይ ራሷ ጻፈችው፤
እስኪነጋ ከሕፃኑ አጠገብ አልተነሳችም።
ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ሳታነብ መርፌ አትቀዳም።
እኔ ብታመም በዚህች ልጅ እጅ እታከማለሁ።»*

ይሄው ነው። ከዚያ ፊርማ።

ማዶ ያለው ያላለቀ ብሎክ
በባሕር ዛፍ ድጋፍ ቆሟል፤
እንጨቱ ስንት እንደሆነ ቆጥሬ አላውቅም፤
ብቻ ከሥራ ስመለስ ያንን ጎን ትቼ
ዞሬ ነው የማልፈው፤
ድጋፍ የበዛበትን ግድግዳ
ማን ይጠጋዋል? ማን ያምነዋል?

ማኅተሙን ፍራሽ ሥር ከተትኩት።
አቶ ደምሰውን ነገ አመሰግናለሁ፤
ደብዳቤውን ግን አስቀረሁት።

ቀረ ሁለት። ንጹሕ ሁለት።
ቅጹ ከሁለት ያላነሰ ነው ያለው፣ አላነሰም፤
ጥቅምት እዚህ አልጋ ላይ ቢቀር
ማንም ጎደለ አይልም።
እጄ ሄደ፣ ተመለሰ።
ያን ሌሊት በኮሪደሩ የሄድኩት መንገድ ትዝ አለኝ፣
ሲስተርን ልቀሰቅስ ሃያ እርምጃ፤
አሥረኛው ላይ ቆሜ ነበር፣
ማንም አላየኝም ብዬ።
ይህን እሷም አታውቅም።

ድንገት ቧንቧው አጉረመረመ፣ ሳለ፣
አንዲት ሴት ከምድር ቤት «መጣ!» አለች፤
በር ተከፈተ፣ በር ተከፈተ፣
ደረጃው በነጠላ ጫማ ተሞላ።

ስልኬ ሊጠፋ ሁለት ፐርሰንት ሲቀረው
የፖስታውን ጫፍ በምላሴ አርሼ አሸግኩ፤
«ብዛት» በሚለው ሳጥን ውስጥ
ሦስት ብዬ ጻፍኩ፣
ቀለሙ እስኪደርቅ ሳልጠብቅ
ጀሪካኔን ልይዝ ወረድኩ።