ገቢና ወጪ

የኦፔራ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ ደሴ፤
ሰባት ዓመት ደመርኩ፣ ሸበተ ራሴ።
ወጪ፦ ደብተር፣ ታክሲ፣ ሐረጎን ለሚወጡ ልጆች፤
የአሮጌው ፒያኖ ሦስት ድዳ ጥርሶች።

ሕጋችን አጭር ነው፦ ካርዱን ያላሳየ፣
መድረኩን በሩቁ ከወንበሩ አየ።
ዘምዘም ይመር መጣች። አምባሰል ማውረዷ
ሰው ያስቆማል መንገድ፤ ሒሳብ ግን በካርዷ
ሠላሳ። በቀይ።

ክረምቱን በሙሉ፣ ጉም ከጦሳ ሲወርድ፣
በዚሁ መዝገቤ አስደመርኳት በግድ፤
አንድ ማታ ሳቀች፤ «ጋሽ እንድሪስ» አለች፣
«ካቻምና እዚህ ጋ አርባ ብር ጎደለች።»
ከፈልኩ።

ትናንት ንግሥቲቱ ልትሞት ስትል ልክ፣
መብራት ቀደማትና ጨለመ መድረክ፤
ድምጿ ግን ቀጠለ። ሳል እንኳ አልተሰማ፤
ሦስት መቶ ሰው ነበር፣ በዚያ ጨለማ።

ጠዋት ገቢው ዓምድ ላይ ብዕሬን አቆምኳት፤
ስንት ብዬ ልጻፍ?
እሷን ልጠይቃት።