ዘጠኝ ቅጠል ብረት

ክሪኩን ከሻንሲው ሥር ቀስ አድርጌ ሳቆም
ኦፑዎ ከተማ ገና አልሞቀችም።
ላንድሮቨሯ ታላቄ ናት፣ ባሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤
ወገቡን እንዳመመው ሰው ወደ ግራ ታዘነብላለች።
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያው ጎኗ እየጫነ
ናፍጣ በበርሜል ያደለ፣ ለጉድጓድ ፓምፕ የታመነ
ሾፌሯ አባቴ ነበር። ከሴስፎንቴይን እስከ ፑሮስ
የቺታውራን ሞተር ድምፅ ከብቱም ያውቀው ነበር ሲደርስ።

አሁን ዐይኑ የለም። ግፊት ነው አሉ ሐኪሞቹ፤
አንድ ክረምት ቀኙ፣ በዓመቱ ግራው፣ ጠፉ የፊት መብራቶቹ።
ግን አጠገቤ ተቀምጦ፣ ኮፍያው ጭኑ ላይ ሆኖ፣
መኪናዋ ስትዘል ይነግረኛል፣ በወገቡ አጥንት መዝኖ፦
«ይሄ የዝሆን መሻገሪያ።
ይሄ የአክስትሽ የኤልፍሪዳ በረት፣ ቀጥሎ ነጩ አሸዋ፣ ከዚያ
ሦስት ጉብታ፣ አንድ ጉድጓድ። ጉድጓዱን በቀኝ እለፊው።»
አይሳሳትም፤ መንገዱ ጸሐፊው፣ ወገቡ አንባቢው።

ባሌስትራው ዘጠኝ ቅጠል ነው፤ ዝገት እርስ በርስ ያጣበቀው፣
ዝናብ እንዳገኘው መጽሐፍ አንዱ ገጽ ሌላውን የማይለቀው።
ድንጋይ ከነካት አትደብቅም፤ ያየችውን ሁሉ ታወራለች፣
አውርታም አትጨርስም፣ አጥንቱ ድረስ ትወርዳለች።
ሌሊት ሌሊት ግን ያቃስታል።
ግድግዳው ስስ ነው፤ ይሰማል።

አዘዝኩ። ከዊንድሁክ መጣ፣ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ፦
ባለ ሁለት ቅጠል ባሌስትራ፣ እንደ አዲስ ቀስት ተወጥሮ፣
አራት አሞርዛተር፣ ጎሚኒ በካርቶን፣ ዳዶና ብሎን በፌስታል፤
የሦስት ወር ደሞዜ ነው። ይሁን። ደሞዝ ይመጣል።

አሮጌው ብሎን አልፈታም አለ። በመፍቻው ላይ ቧንቧ ሰካሁ፣
ተንጠለጠልኩበት፣ ተሳደብኩ፣ በእሳት አሞቅኩት፣ ተሰላቸሁ።
እሱ በተገለበጠ ሳጥን ላይ፣ «ዘይት አጠጪው፣ ይደር» አለኝ፤
«በቁጣ የፈታሁት ብሎን ሁሉ አንገቱ ተቆርጦ ነው የቀረኝ።»
አደረ። ሲነጋ ለቀቀ።

የወረደውን ብረት ጭኑ ላይ አድርጎ በጣቱ ቆጠረ፤
«ይሄ ስድስተኛው የእሷ አይደለም። ሆዋኒብ ሞልቶ የመጣ ጊዜ የእሷ ተሰበረ፤
ይሄን ከወደቀ የጭነት መኪና ፈትቼ በመጋዝ አሳጠርኩት።
እናትሽ ባትሪ ይዛልኝ ነበር።» ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩት።

ከሰዓት ወጣን። መኪናዋ እንደ ጠገበች ላም
ረጋ ብላ፣ ኮረኮንቹን ዋጥ አድርጋ፣ ሄደች።
መሪው ላይ አንድ ጣት በቃኝ። ደስ ብሎኝ አፏጨሁ።
እሱ መዳፉን በሩ ላይ ዘርግቶ ቆየ፣ ቆየና
«የት ነን?» አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቆኝ አያውቅም።

«የዝሆን መሻገሪያውን አለፍን።»
«አለፍን?»
ኮፍያውን ጭኑ ላይ አዞረ፣ መልሶ አዞረ።
«ወገብህስ፣ ታቴ?»
«ወገቤ ደህና ነው። ወገቤ ምንም አልሰማም።» ቀጠለና፣
«መንገዴን ሸጥሽብኝ» አለ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ፤ ቀልድ አልነበረምና
ሳልስቅለት ቀረሁ።

ስንመለስ፣ ጀምበር አዘቅዝቃ፣
ድንገት ክንዴን ያዘ። «እናትሽ መቃብር ጋ ደረስን።»
ደርሰናል። ከሞፓኔው ሥር ነጩ ድንጋይ ይታየኛል።
ጉብታ የለም፤ ምንም አልመታን።
«በምን አወቅህ?»
«በእግርሽ፣ ኡዋፒ። እዚህ ጋ ስትደርሺ ሁሌ ከነዳጁ ታነሺዋለሽ።
ድሮ ብረቱ እየጮኸብኝ አልሰማሁሽ።»

ያን ሌሊት አላቃሰተም።
ዘጠኙ ቅጠል ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ ለቁራሌው አልሰጠሁትም።
ያልተኛሁት እኔ ነኝ፣
እግሬ ሌላ ምን ምን እንደሚያወራብኝ እያሰብኩ።