ልክ

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ባሕሩ ዝናብ ለብሷል፤
አናጺው ፊንታን ሜትሩን ይዞ ደርሷል፣
ከኪልብራክ ደብር፣ ከአልባሳት ክፍሉ በር።
ድፍን እንጨት ነበር።
የፊንታንን ዕድሜ ድፍን ሆኖ ኖረ፣
ደብሩም እንደ በሩ፣ አየርላንድም እንደ ደብሩ።

"ይበሳ" ተባለ፣ "መስታወት ይግባበት፤
ከእንግዲህ በልጅ ላይ ማንም አይዝጋበት።"
እሑድ የጳጳሱ ደብዳቤ ተነቧል፣
ሁለት ገጽ ሙሉ "አዝነናል፣ አዝነናል"፤
የአንድ ልጅ ስም የለው።
ፊንታን አራት አጥፎ፣ የሚወላገደው
የሥራ ጠረጴዛው እግር ሥር ሸጎጠው።

ኦርላ፣ የልጆች ደኅንነት ኃላፊዋ፣
በእርሳስ አሰመረች፦ "እዚህ ጋ፤ አንድ ከስድሳ።"
እርሱ ግን ሜትሩን ከወለል ጀመረ፤
ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ፣ ደረቱ ጋ ቀረ።
በጥፍሩ ጫረበት።
"ዝቅ አለ" አለችው፤ "ማን ጎንብሶ ያያል?"
"ያላየ ይጎንበስ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዓይኔ እዚህ ነው የደረሰ፤
ከእንጨት በቀር ምንም አላየሁበትም።"

መስመሯን ሰረዘች። ዝም አለች ትንሽ።
"ልክ ነህ" አለችው።
ልክ።
ሃምሳ ሁለት ዓመት የጠበቃት ቃል
መጥታ፣ መጋዙ ከእጁ ሊወድቅ ደርሷል።

ከዚያ ቆረጠ።
እንጨቱ ተገምሶ ሲወድቅ ከመሬት፣
በቀዳዳው ታየ ያ የድሮ ኮሪደር፦
አንዲት ሴት ጃንጥላ ታራግፋለች፣
ዝናቡን ትረግማለች።
ፊንታን አያት፣ አያት።
ያኔም እዚያ ነበረች፣ አንዲት እንዲህ ያለች፣
አምስት እርምጃ ርቃ፣ ጃንጥላ ስታራግፍ፣
የእግዜር ቤት ሰላም ነው ብላ ስታልፍ።