ጭነት አይቀዝፍም

ባሕር ዳር፣ ወደቡ ጥግ፣ የዓሣ ማኅበር ቢሮ፣
መዝገቡ ሰንጠረዥ አይደል፣ መረብ ነው ዘንድሮ፤
ሰው አንድ ቋጠሮ፣ ታንኳው አንድ ቋጠሮ፣
ከደቅ እስከ ዘጌ ክሩ ተወጥሮ፦
ማን ከማን ጋር ቀዘፈ፣ ማን ለማን አበደረ፣
የማን መረብ በእምቦጭ ተይዞ አደረ።

ትእዛዙን በአማርኛ ነበር ያበጀሁት፣
ስም ሲመጣም ከዚያው ከትእዛዙ ጋር ሰፋሁት፤
ምን ይመጣል ብዬ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ ደምስሰው መጡ፣
ዕዳቸውን ሊያጣሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ።
«ፈልግ ደምስሰው» ብዬ ጻፍኩ።
ማሽን ቅኔ አይፈታም፤ እንደሰማ አደረገ፦
ፈለገ። ደመሰሰ።
ሰውዬው ፊቴ ቁጭ ብለው፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ፣
ከመረቡ ግን የሉም፤
ታንኳቸው ባለቤት አልባ፣ ማስተዋል የማንም ያልሆነች ልጅ፣
የሃያ ዓመት ክር ጫፉ አየር ላይ።
«እናቴ ለጠላት ነው ያወጣችው» አሉ፣ «ለእኔ አይደለም።»

ያን ሌሊት ትእዛዙን ከስሙ ለየሁት።
ቃሉን አስቀድሜ ጨርሼ ዘጋሁት፣
ለስሙ ባዶ ስፍራ ብቻ ተውኩ፤
በራሱ በር ይገባል፣ ምንም ቢል ስም ሆኖ ይቀመጣል።
ታንኳም እንዲሁ ነው፦ ደንገሉ ይታሰራል፣ ቀዛፊው ይያዛል፣
ኋላ እንጨቱ፣ ጌሾው፣ የፈለገው ይጫናል።
ጭነት አይቀዝፍም።

ክሩን ከወረቀት መዝገብ አንድ በአንድ ስቋጥር ሐሙስ ሆነ።
«ስምዎ?» አልኩ፣ እያወቅኩ።
«ደምስሰው።»
ፈለገ። አገኘ፦ ታንኳ፣ ልጅ፣ አራት መቶ ብር።
ጋሽ ደምስሰው ስክሪኑን ገላመጡት፤
«ምናለ» አሉ፣ «ዕዳዬን እንኳ ቢደመስሰው!»