የአፍ ቆጠራ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ሰው፣
ለወዳጅም ለባላንጣም እኩል ይገለጣልና።
ወንጂ ላይ ግን፣ ከአዳማ ቁልቁል፣ ሸንኮራው መሃል በሚያልፍ ጎዳና፣
ጥርስ ዘመድ ነው፤
ያጠጣውን ጉድጓድ በመልኩ የሚከስ፣
ስሙን ሳይጠራ የሚያወርስ።

ማክሰኞ ነው። በክሊኒኩ በረንዳ
ነፋሱ አቧራ ሲነዳ
ዶክተር ኩለኒ መብራቷን ግንባሯ ላይ አስራ
አፍ ታያለች በተራ በተራ።
በጥጥ ታደርቃለች፤ በትንሿ መስታወት ታያለች፤
ድምጿን ሳታነሳ ሳትጥል ቁጥር ትጠራለች።
እኔ ዴሚቱ፣ ጉልበቴ ላይ መዝገብ፣
ሥራዬ መጻፍ ነው፣ እሷ ስታነብ።
የዚሁ ውሃ ልጅ፣ ካምፕ ሰባት አድጌ፣
የሰው ጥርስ እጽፋለሁ የራሴን ሸሽጌ።

«ላይኛው ቀኝ፣ አንደኛ፦ አራት።
ሁለተኛ፦ አራት።
ሦስተኛ፦ አምስት፤ ጉድጓድ ጉድጓድ አለበት።»
ዜሮ፣ ምንም ያልነካው፤
ዘጠኝ፣ ቅርጹ የጠፋው፤
በመሃሉ መሰላል፣ ከኖራ ነጭ እስከ ዝገት፣
እያንዳንዱ እርከን የአንድ ልጅ ጥማት።

ሁለት ወንድማማቾች ገቡ፤
ታላቁ በዘጠኝ ዓመቱ ከዱራሜ የመጣ፣
ሲስቅ በረዶ የሚያወጣ፤
ታናሹ እዚሁ ተወልዶ፣ ጥርሱ አተላ የጠጣ።
አንድ እናት፣ አንድ ጡት፣ ሁለት ውሃ።
ቅጹ ለእናት ቦታ የለውም፤
ለውሃ ግን አለው።

ተሳታፊ መቶ አሥራ ሰባት፦ አቶ ኤርጫፎ።
አርባ ዓመት ሸንኮራ ቆርጧል፤
አንገቱ አይታዘዝም፣ ሲጠሩት በሙሉ ገላው ይዞራል።
(ጥርስ ላይ የታየው አጥንትም ውስጥ አለ፤
እሱ ሌላ ዓምድ ተሰጥቶታል።)
የፈቃዱን ወረቀት አነበብኩለት፦
«መሳተፍ በፈቃድ ነው፤ በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ መብት።»
«ማቋረጥስ» አለኝ፣ «ያኔ ነበር፣ ውሃውን ስቀዳ።
ያኔ ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?»
አለና አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ።

«ሰባት። ሰባት። ስድስት። ሰባት።»
«ታጸዱልኛላችሁ?»
ኩለኒ መስታወቷን አስቀመጠች።
«አባ፣ ዛሬ የምንቆጥር ብቻ ነን።»
«እሺ» አለ። ቆየት ብሎ፦ «እሱም አንድ ነገር ነው።»

ቀጥሎ የልጅ ልጁ፣ ስምንት ዓመቷ፣
ማጣሪያው ከተተከለ ወዲህ የተወለደች፤
ሳይሏት አፏን ከፈተች።
«ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።»
ስምንት አዳዲስ የፊት ጥርስ፣ ስምንት ክብ፤
ገጹ ላይ ተደርድረው ሳያቸው
በሳቅ የተከፈቱ አፎች መሰሉኝ።
(አንዱ መንጋጋዋ ተቦርቡሯል።
ስኳር አገር አይደል?
እሱ የሌላ ጥናት ነው።)

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ የራሷን ዓይን ትፈትናለች፤
ከአሥር ሰው አንዱን ጠርታ ደግማ ታያለች፣
የጠዋቱን ቁጥር ሳታይ።
ጥፋቱ የሷ ነው ቢለያይ።
ዕጣው ለኤርጫፎ ወጣ።

ለካ ምሳ ሰዓቱን ሙሉ፣ ግራሩ ሥር፣
በመፋቂያ ሲፍቅ ነበር።
ድዱ ደምቷል።
«ሰባት» አለች። «ሰባት።
ስድስት። ሰባት።»
ዓይኗ አልሳተም።
መዝገቡን ዘጋሁ፤ እሱ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።
በሙሉ ገላው ወደ ልጅቷ ዞረና፦
«የኔንስ ተዉት» አለ።
«የሷን ድገሙልኝ።»

ዕጣው ለሷ አልወጣም። ደንቡም አይፈቅድም።
ዶክተሯ መብራቷን መልሳ አበራች።
እኔም፣ የሚጻፍ ነገር ሳይኖር፣
እርሳሴን አነሳሁ።